እፎይታ ለቤተሰብ፦ ከጌል እስከ ሽንፋ

በሽንፋና በመላው የመተማ ቈላ፣ ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ለገበሬው ቀጠሮ አይሰጥም። ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመቱ ድካምም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን የቤተሰቡ እጅ ሁሉ፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ጭምር፣ ማሳ ላይ ይውላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላት እናት ግን በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርላታል፦ ወይ አጨዳውን መተው፣ ወይ በሩን በልጇ ላይ ዘግታ መሄድ። የመጀመሪያው ረሀብን፣ ሁለተኛው ጸጸትን ያስከትላል። ሦስተኛ መንገድ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ወደ ታሪክ መለስ ማለት ያሻል።

ተንከባካቢ ቤተሰብን ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ማሳረፍ በአገራችን ስም ሳይወጣለት የኖረ ልማድ ነው። አያት፣ አክስትና ጎረቤት ልጁን ተቀብለው ይውሉ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ይሁንና ቈላው ብዙ ሰው ዘመዱን ትቶ የሚመጣበት አገር ነው። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት የሰፈራ መርሐ ግብር በርካታ አባወራዎች ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረዱ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም ስደተኞች በመተማ በኩል ገቡ። ሰው ጓዙን ይዞ ይሰደዳል፤ አያትንና ጎረቤትን ግን ሁልጊዜ ይዞ መሄድ አይችልም።

በሌላው ዓለም ይህን ሸክም ከተማ በሙሉ የተካፈለበት ጥንታዊ ምሳሌ የቤልጅጓ ጌል ናት። ፈውስ ፈልገው ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ሕሙማንን የከተማይቱ ነዋሪዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በየቤታቸው ያሳድሩ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዚህ ሁኔታ የሚኖሩት ከ3,000 በላይ ደርሰው ነበር። በአብዛኛው አውሮፓና አሜሪካ የተመረጠው ግን ትልልቅ የማቆያ ተቋም መገንባት ነበር። ወላጅም ልጁን ጨርሶ ለተቋም መስጠት ወይም ሸክሙን ብቻውን መሸከም ግድ ሆነበት። ከ1960ዎቹ ወዲህ እነዚያ ተቋማት ተነቅፈው ልጆች በየቤታቸው ማደግ ሲጀምሩ፣ ቤተሰብን የሚያሳርፍ አገልግሎት አብሮ ተስፋፋ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 ተመሠረተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ አዘዘ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 28 ድሆች ለሆኑ ቤተሰቦች ከሚሰጠው እርዳታ መካከል ይህንኑ የእፎይታ እንክብካቤ በስሙ ጠርቶታል። በተግባር በኩል፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን መሠረቱ፤ ልጅ በማእከል ሲውል ወላጅም ለሥራና ለዕረፍት ጊዜ ያገኛል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2005 ኅብረተሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሠራተኞቹ የልጁን መምጣት ሳይጠብቁ ወደ ቤቱ የሚሄዱ ናቸው። ለቈላው የሚቀርበው አርአያ ይህ የጎንደሩ ነው፤ ምክንያቱም ሽንፋ የአዲስ አበባን ዓይነት ማእከል እስክታገኝ ድረስ ሰሊጡ አይጠብቅም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለመሐንዲሶች ምን ይመለከተናል የሚል ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ኮንክሪት ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ሲጫን፣ ሸክሙ ባይጨምርም እንኳ ቀስ በቀስ ቅርጹ እንደሚለወጥ ሁላችንም ተምረናል። የሚያጎብጠው የሸክሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን የቆይታው ርዝመት ጭምር ነው። እናትም እንዲሁ ናት። ስለ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው አስገድዶ ነበር። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እግሩ ጤነኛ ሆኖ አደጋን መለየት ለማይችል ልጅ የሚያስፈልገው ከመግቢያው ይልቅ በውስጥ ያለው ነው።

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፦ ለቈላው ሙቀት የሚሆን ሰፊ ጥላና ነፋስ የሚያስገባ አንድ ክፍል፣ ከመንገድና ከወንዝ የሚከልል አጥር፣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ እንዲሁም የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች። ተራውን ለማደላደል እድር አለ፤ ለቀብር ጊዜ ሰው ማሰማራት የሚያውቅ ማኅበር ለአጨዳ ሰሞንም ማሰማራት አያቅተውም። በቈላው የሰሊጥ መጋዘን ስንነድፍ ፍሬው እንዳይበላሽ አየር ማስገቢያውንና ወለሉን በጥንቃቄ እናሰላለን። ከመጋዘኑ አጠገብ ይህችን አንዲት ክፍል በንድፉ ላይ ማከል ግን ከእኛ ሙያና ከባለቤቱ ፈቃድ በቀር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።