አሞሌ፣ እንቅርትና የሰሜን ሸዋ አዛውንት

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ ወደ ሸዋ ደጋ ከሚገባው ጨው ብዙው የሚያልፈው ከአንኮበር በስተምሥራቅ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ነበር። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ከአሳል ሐይቅ ዳርቻ የዛቁትን ጨው በግመል ጭነው በረሃውን እያቋረጡ ያመጡ ነበር። ከወደ ሰሜን ደግሞ በዳናክል ረባዳ ምድር ተፈልጦ የተጠረበው አሞሌ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጋገረ ይደርሳል። አሞሌ የሚበላም የሚመነዘርም ነገር ነበርና ከተፈለጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል፤ የሸዋ ድኻም ቆንጥሮ ቆንጥሮ ይጠቀምበት ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ድካም የተከፈለበት ጨው አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። ጨው ከባሕር የተገኘ ነውና አዮዲን አይታጣበትም የሚል ግምት አልፎ አልፎ ይሰማል። ሐቁ ግን የባሕር ውሃ ሲተን በሚቀረው ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ከቁጥር የማይገባ መሆኑ ነው። የደጋው አፈርም ለረጅም ዘመን በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ስለተመናመነ ገብሱም፣ ባቄላውም፣ ጎመኑም ለገበሬው የሚያቀብሉት ጥቂት ነው። ስለሆነም እንቅርት በደጋው መንደር እንግዳ በሽታ አልነበረም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ ሰው ለምሳሌ የሚመርጠው ዘወትር የሚያየውን ነውና።

ንጉሡ ዙፋን ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1811፣ ፈረንሳዊው ኩርቱዋ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ ውስጥ አገኘ። በ1820 ደግሞ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርት ያለባቸውን ሰዎች በአዮዲን ማከም ጀመረ። የብዙዎቹ እንቅርት ሟሸሸ፤ አንዳንዶቹ ግን ይከሱና ልባቸው በኃይል ይመታ ጀመር። ይህ ሁለተኛው ውጤት በታሪኩ ዳር የሚጠቀስ ቢሆንም ለሰሜን ሸዋ አዛውንት ዋናው ቁም ነገር እርሱ ነው። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን የተቀላቀለበትን ጨው ለሕዝብ ማደል ስትጀምር መጠኑን አሳንሳ የጀመረችውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን በሥርዓት የመረመረው በስዊድን ርዳታ በ1962 በሕፃናት ምግብ ክፍልነት ተመሥርቶ በ1968 ያደገው የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ነው። ባለሙያዎቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ከ35 ሺህ በላይ የሆኑ ተማሪዎችን አንገት ሲመረምሩ ከመቶው 30 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ በአሰብ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀመረ። ዳሩ ግን በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ገበያው ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ አዮዲኑም ተቋረጠ ማለት ይቻላል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲቀላቀልበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረላቸው ቤተሰቦች ከመቶ 89ኙ ዘንድ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቷል።

እነዚህን ዓመታት ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ የሆነው የአንኮበር ገበሬ የ2011ዱ ደንብ ሲወጣ ሃምሳውን አልፎ ነበር። ልጅነቱና ጉልምስናው በአመዛኙ አዮዲን በሌለው ጨው አልፏል። በእንዲህ ያለ ሰው አንገት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረ የታይሮይድ እጢ አብጦና ጓጉሎ፣ ከፊሉም ከአንጎል ትእዛዝ ውጭ በራሱ የሚሠራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት በ1966 አዮዲን በዳቦ ላይ ሲጨመር በሽታው ከመጠን በላይ የሚሠራ እጢ ሆኖ የገነነው በተለይ ነባር እንቅርት በነበረባቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። አዛውንቱ ሲከሱ፣ ሲደክሙ፣ የልባቸው ምት ሲዛባ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱም አቅም ይሰጣል ብሎ አዮዲን ጭምር ያለበት የቪታሚንና የማዕድን እንክብል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ይሰጣል። ጨው መቅረት አለበት ማለት ግን አይደለም፤ ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃኑ አዮዲኑ የግድ ነው፣ አዛውንቱም የሚበሉት ከዚያው ድስት ነው።

የብረት ማዕድን ነገር ደግሞ በተቃራኒው አስገራሚ ነው። በ1958 የአሜሪካ የምግብ ጥናት ቡድን፣ በኋላም ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጤፍ የሚበላው ኢትዮጵያዊ ወደ ሆዱ የሚያስገባው ብረት ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳዩ። ምክንያቱ እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የሚቀላቀለው አፈር ነበር፤ ከዚያ ብረት አብዛኛው ወደ ደም አይገባም። ይሁንና ግኝቱ ለጤፍ በላተኛው እንጂ በ2,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ገብስ ለሚበላው የደብረ ብርሃን ሰው እንዳለ የሚሠራ አይደለም። በእንጀራ ውስጥ እርሾው ማዕድንን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል፤ በሶና ቆሎ ግን ሳይቦኩ ይበላሉ። በጾም ወራት ወተት ሲቀር የካልሲየሙም ሸክም በጎመንና በእህል ላይ ይወድቃል፤ ጾሙን ከሁሉ አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ አዛውንቱ ናቸው።

እንግዲህ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ለአንድ አዛውንት እንክብል ከመታዘዙ በፊት መጀመሪያ አንገታቸው ቢዳሰስና የደም ሥራቸው ምት ቢቆጠር፣ ቀጥሎ ገብስ ወይስ ጤፍ እንደሚበሉ፣ ጾማቸው ስንት ቀን እንደሆነ፣ የቤታቸው ጨው በክዳን ተከድኖ ይሁን በምድጃው አጠገብ ክፍት ሆኖ እንደሚቀመጥ ቢጠየቁ ሐኪሙ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። ክፍት የተቀመጠ ጨው በእርጥበትና በሙቀት አዮዲኑን ያጣልና።