በ«ሲሊን» የሚያልቁ የመድኃኒት ስሞች ምን ይነግሩዎታል?

በአገራችን የመድኃኒት ስም በማዘዣ ወረቀትም ሆነ በማሸጊያ ላይ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የብዙ ስሞች መጨረሻ ተመሳሳይ ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ስም ሲሰጥ ተቀራራቢ መድኃኒቶች የሚጋሩት የጋራ ክፍል እንዲኖራቸው ያደርጋል።

ቤተሰቡን የሚያሳዩ መጨረሻዎች

• «ሲሊን»፦ የፔኒሲሊን ቤተሰብ። ለምሳሌ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን።
• «ፕሪል»፦ ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚታዘዙ፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ፅንሱን ሊጎዱ ይችላሉ።
• «ፕራዞል»፦ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ።

የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ

ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስደው ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት አልያም የመተንፈስ ችግር አጋጥሞዎት ከሆነ፣ ስሙ በ«ሲሊን» የሚያልቅ ማንኛውም መድኃኒት ሲሰጥዎ ከመዋጥዎ ወይም ከመወጋትዎ በፊት ይናገሩ። በ«ሴፍ» የሚጀምሩት፣ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን፣ የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ በእነሱም ጊዜ አለርጂዎን ያስታውሱ።

በሌላ በኩል፣ ለልብ ሩማቲክ ሕመም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስዱ ከሆነ በፍርሃት ብቻ አያቋርጡ፤ መጀመሪያ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ፊደሉ ሲያሳስት

መጨረሻው ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም።

• ኢንሱሊንና ዶክሲሳይክሊን በ«ሊን» ቢያልቁም ፔኒሲሊን አይደሉም።
• አውግመንቲን በ«ሲሊን» አያልቅም፤ ነገር ግን በውስጡ አሞክሳሲሊን አለ። የንግድ ስሞች ቤተሰቡን ሊደብቁ ይችላሉ።
• ኦሜፕራዞል ለጨጓራ፣ አልቤንዳዞል ለሆድ ትላትል፣ ፍሉኮናዞል ለፈንገስ ነው። ሦስቱም በ«ዞል» ያልቃሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።
• ሜትፎርሚን የስኳር ሕመም፣ ሜትሮኒዳዞል የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። አጀማመራቸው ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ሊተካ ይችላል።

ስለዚህ ፊደሉን ለመጠየቅ ይጠቀሙበት፤ ራስዎን ለማከም አይጠቀሙበት።

ሪፈር ሲጻፍልዎ

ከላስታ ወይም ከቡግና ገጠር ወደ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ የሚላክ ሕመምተኛ በየደረጃው የሚያገኘው አዲስ ባለሙያ ነው። አለርጂዎን የሚያውቀው የጤና ጣቢያ ነርስ አብሮዎት አይሄድም። ስለዚህ፦

1. የጎዳዎትን መድኃኒት ስም በሪፈር ወረቀቱና በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።
2. የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ስሙን አይናገርም።
3. አስታማሚዎም ስሙን ይወቅ፤ እርስዎ መናገር ካቃተዎት እሱ ይናገራል።
4. ፋርማሲ ውስጥ «ይህ ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሐኪሙ ከነገረዎት ሕመም ጋር ካልተገናኘ ከመውሰድዎ በፊት እንዲጣራ ያድርጉ።

አስቸኳይ ምልክቶች

መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ፊት፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ መድኃኒቱን ያቁሙ፤ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። ማሸጊያውንም ይዘው ይሂዱ።