ጅብ ሆነ የተባለው ሎሌ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትግራይ ውስጥ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ዊልያም ኮፊን፣ ቡዳ ነው የሚባል ወጣት ሎሌ ነበረው። አንድ ምሽት ልጁ «እስከ ነገ ልሂድ» ብሎ አስፈቀደና ሜዳውን ይዞ ወጣ። ኮፊን ፊቱን ወደ ሌሎቹ አሽከሮች ከመመለሱ «እዩት፣ እዩት! ጅብ እየሆነ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማ። ዘወር ሲል ልጁ የለም። መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ግን አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል፤ ያውም ዛፍ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ።

ልጁ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። ባልንጀሮቹ ሲያፋጥጡት ሊክድ አልሞከረም፤ እንዲያውም ያመነ መሰለ። ርስትም ክብርም ለሌለው ሰው መፈራቱ ራሱ አንድ ከለላ ሆኖለት ይሆናል።

ታሪኩ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1831 ለንደን በታተመው፣ እንደ ኮፊን ትግራይ ይኖር በነበረው በእንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። ኮፊን ልጁ ሲለወጥ አላየም፤ ያየው ጅብ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ሲመሽ ጅብ መውጣቱ ብርቅ አልነበረም። ልጁ ቡዳ ባይባል ኖሮ ነገሩ «ጅብ አየን» ተብሎ በዚያው በቀረ።

በቡዳነት ይበልጥ የሚጠረጠረው ቀጥቃጩ ነበር። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ጠይቡ ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል። ወናፉ ይነፋል፤ ብረቱ ፍም መስሎ በጉጠት ይወጣል፤ መዶሻው ያርፍበታል። ያ ሁሉ ጥበብ በዓይኑ ሥር እየተሠራ፣ ገበሬው ዓይኑን ከሠሪው ዓይን ያሸሻል። የገበሬውን ልጅ ትኩሳት ከያዘው ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ያሸቱትና «ማን በላህ?» እያሉ ያስለፈልፉታል። ጥያቄው መልሱን አዝሎ ስለሚመጣ ወባ ይሁን ሌላ በሽታ የሚጠይቅ አይኖርም። በትኩሳት የሚቃዥ ሕፃን ደግሞ ሲወራ የሰማውን ስም ይጠራል። የሚያሳዝነው፣ «ጠይብ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ጠቢብ» የመጣ መሆኑ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን አስታውሰው፣ ሠራተኛን ማዋረድ አገሪቱን ማረሻ ሠሪ እንደሚያሳጣት አስጠነቀቁ። ስድብን አዋጅ ሊከለክለው ይችላል። ምሽት ላይ ጅብ ያየ ሰው በልቡ የሚጠራውን ስም ግን ማን ይከለክለዋል?

ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለዘመናት ርስት ተነፍገው፣ ወንዶቹ በብረትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኖረዋል፤ ማረሻውም ምጣዱም ከእጃቸው ሲገዛ ስማቸው ከጅብ ጋር ይነሣ ነበር። በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. አብዛኛው ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ሄደ። ተመራማሪዋ ሐጋር ሳላሞን እዚያ ያገኘቻቸውን ቤተ እስራኤላውያን ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ጠየቀቻቸው። የነገሯትን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1999 ላሳተመችው መጽሐፍ የሰጠችው ርዕስ በአማርኛ «የጅብ ሰዎች» ማለት ነው።