ምጽዋ፦ የሰመጡት መርከቦች ታሪክ ምን ያስተምረናል?

የቀይ ባሕር ታሪክ የነገሥታትና የጄኔራሎች ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ኖሯል። እኛ እዚህ የምንመለከተው ብረቱንና ብረቱን ያነሳውን ጉልበት ነው። (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጦርነቱ የስዊዝን በር ሲዘጋባቸው በርካታ የኢጣሊያና የጀርመን የንግድ መርከቦች ምጽዋ ተጠልለው ቀሩ። በአፕሪል 1941 የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ የኢጣሊያው አድሚራል ቦኔቲ ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም አደረገ። መርከቦቹ በፈንጂ እየተቀደዱ በወደቡ መግቢያዎች ላይ በተርታ ሰመጡ፤ ተንሳፋፊዎቹ የመርከብ መጠገኛዎችም አብረው ወረዱ። አፕሪል 8 ቀን ከተማይቱ እጅዋን ሰጠች።

በ1942 ሮሜል ወደ ግብጽ እስክንድርያ ሲገሰግስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሌላ መጠገኛ አስፈለገው። ሥራው የተሰጠው ለአሜሪካዊው መኮንን ለኤድዋርድ ኤልስበርግ ነበር። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ጠላቂዎች የሚደፈነውን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ከዚያ የታመቀ አየር ይነፋል፤ አየሩ ውሃውን ወደ ታች ሲገፋው ብረቱ ይንሳፈፋል። ትልቁ የኢጣሊያ መጠገኛ በዚህ መንገድ በ9 ቀን ተነሳ። ሊበንፌልስን የመሳሰሉ የጀርመን መርከቦችም ተከተሉ። በዚያው ዓመት ዲዶ፣ ዩሪያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉት የእንግሊዝ ክሩዘሮች ምጽዋ ላይ ተጠገኑ።

ኤልስበርግ በ1946 ስለዚህ ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ሐሩር የመርከቦቹን ሆድ ሲፍቁ የዋሉት የኤርትራ ወዛደሮች ግን በስማቸው የሚጠራ መጽሐፍ የላቸውም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጦርነቱ ሲያልፍ የእንግሊዝ አስተዳደር የወደቡን ንብረት ነቃቅሎ ወሰደ፣ ሸጠም። ሲልቪያ ፓንክረስት ይህን ድርጊት በ1952 ባሳተመችው ጽሑፍ አጋልጣለች። በ1953 የአሜሪካ መንግሥት የቃኘውን ጣቢያ በውል አጸና፤ በ1962 ደግሞ በዓለም ጦርነት ያገለገለ አሮጌ መርከብ ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ሰጠ። «ኢትዮጵያ» የተባለው ይህ መርከብ በ1991 ወደ የመን ሸሽቶ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ምጽዋን ያፈረሳትም የጠገናትም የገፈፋትም ለራሱ ጦርነትና ለራሱ ጥቅም ነው፤ የጠረፉን ሕዝብ ማንም አልጠየቀም። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሰብሰብ ስንል «ወደቡ የማን ነው?» እያልን እንሟገታለን። ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ወደቡን በላቡ ያቆመው ሠራተኛ በዕጣው ላይ መቼ ድምፅ አገኘ? ይህን ያልጠየቀ ክርክር ከቦኔቲ ፈንጂና ከእንግሊዝ ጨረታ የተለየ መንገድ አያሳየንም።