ቤት ያፈራው አየር

የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ልጅ ምቾት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒውዮርክ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ችግር ገጠመው፤ በበጋው ወበቅ ወረቀቱ እርጥበት እየሳበ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ በትክክል አያርፍም። ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት ወጣት መሐንዲስ የአየሩን እርጥበት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈለት። እነሆ፣ መሣሪያው የተወለደው ወረቀትን ለማዳን ነው። ጉሮሮ በዚያ ስሌት ውስጥ አልገባም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የክፍሉን አየር በቀዘቀዙ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል፤ እርጥበቱም ውኃ ሆኖ ይጠራቀምና ከቤት ውጭ ይንጠባጠባል። ያ ጠብታ ከምንተነፍሰው አየር ላይ የተቀነሰ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ የሚገባውን አየር ማርጠብ ተግባራቸው ነውና ጎዶሎውን ከራሳቸው ያሟላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሟሉ አድረው ጠዋት ደርቀው ይገኛሉ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ቸሃ ይሄዳል። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው አገር፣ ጀፎረ በሚባለው ሰፊና ሣር የለበሰ የመንደር ጎዳና ግራና ቀኝ የቆመው የጉራጌ ቤት ያለ ምንም መሣሪያ አየሩን ያስተዳድር ነበር። ቤቱ ክብ፣ ጣሪያው ሾጣጣና ረጅም ነው፤ መካከሉን ምሰሶ ይደግፈዋል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣልና ከሰው ራስ በላይ ርቆ ይቀራል። ወፍራሙ የሣር ክዳን ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ብርዱን ይመክታል። በአንድ ወገን ታስረው የሚያድሩት ከብቶች ደግሞ በትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቁታል።

ነገር ግን ይህን ቤት አሞግሶ ምድጃውን መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም። ቤቱ የጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህም ሣሩን ከእርጥበትና ከተባይ ይጠብቃል። ለክዳኑ መድኃኒት የሆነው ጭስ ግን ምድጃው ሥር ለምትቀመጠው ሴት መድኃኒት አልነበረም። በቡታጅራ አካባቢ የገጠር ቤቶች ተመራማሪዎች አድርገው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል፤ በቤቶቹ ውስጥ የተለካው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ለዓመት አማካይ ካስቀመጠው 40 ማይክሮግራም በኩቢክ ሜትር ከእጥፍ በላይ ነበር። ብሩክሊን ላይ ወረቀቱ፣ ቸሃ ላይ ክዳኑ ተጠበቀ፤ በሁለቱም ዘንድ ጉሮሮ ተረሳ።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ጉራጌው አዲስ አበባ ሠርቶ ያገኘውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ አሠርቷል። በመንገዱ ላይ ቆርቆሮም ተጓዘ። ቆርቆሮ ክብር ነው፤ በየዓመቱ ክዳን ከመጠገንም ያሳርፋል። ዳሩ ግን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሣሩ ዝም ብሎ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነ፤ በቆርቆሮ ሥር የሚኖር ሰው ማራገቢያ፣ አቅም ያለውም ማቀዝቀዣ ይመኛል።

የአክስቴ ልጅ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን አክስቴ ስልክ ሲያነጋግሯት አጠገባቸው ነበርሁ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ኤሲው ነው እማዬ። ሲጠፋ ወበቁ፣ ሲበራ ድርቀቱ። ያንቺስ ድምፅ?»

«የኔማ ጭሱ ነዋ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም ሳሉ። እናት አየሩን የሠራላት የአባቶቿ ቤት ነው፤ ልጂቱ ግን መዝጊያና መክፈቻውን እንኳ የማታዝዝበት ክፍል ውስጥ ታድራለች። ከሳሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይኸኛው ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጥንቱ ቤት እንመለስ አልልም፤ ማሽኑንም አልራገምም። ወበቅ በሚገድልበት አገር ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ በዚህ ቤት ውስጥ የሚተነፍሰው ማን ነው? ማጀቱ ለብቻው ቢሆን፣ ምድጃው ጭስ ማውጫ ቢበጅለት፣ ጣሪያው ከፍ ቢል፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢገባ፣ ማሽን ባለበትም መስኮቱ አልፎ አልፎ ቢከፈት፣ ከባድ ወጪ አይደለም። አገራችን ለእንግዳ «ቤት ያፈራውን» ታቀርባለች። እንግዳው ከቆጮውና ከቡናው በፊት የሚቀምሰው ግን አየሩን ነው፤ ባለቤቲቱም ዕድሜዋን ሙሉ የምትቀምሰው እርሱኑ ነው።