ኃላፊው «ለማስተርስ ሄዷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአሶሳ ልጆች ይህን አባባል ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። በአጭሩ እናስረዳችሁ።

▪️ የት ነው የሚሄዱት?
ብዙዎቹ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ በ1987 ዓ.ም ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። ሕገ መንግሥቱም የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው። ሥልጣን ወደ ክልል ሲወርድ በጀት የሚሠራ፣ ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ በየቦታው ያስፈልግ ነበር።

▪️ ቤኒሻንጉል ጉሙዝስ?
ከአፋር፣ ከሶማሌና ከጋምቤላ ጋር «ታዳጊ ክልል» ሲባል ቆይቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 በልማት ወደኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። አሶሳ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው ደግሞ ከ1987 በኋላ ከ15 ዓመት በላይ ጠብቃ ነው።

▪️ ምን ይማራሉ?
የሕዝብ አስተዳደር፣ አመራር፣ የፖሊሲ ትንተና፣ የመንግሥት ፋይናንስ፣ ሥነ ምግባር። መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ።

▪️ ማን ይከፍላል?
አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት። ተማሪውም ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል።

እንግዲህ ወጪው የሕዝብ ነው ማለት ነው። የተማረው ሰው እዚያው አዲስ አበባ ከቀረ፣ ወይም ዲግሪው ለደረጃ እድገት ብቻ ከዋለ፣ የመሬት ጉዳይ ይዞ ወረዳ ደጅ የሚጠና ገበሬ ምን አተረፈ?

ኃላፊያችሁ ተምሮ ከተመለሰ እስቲ ወረዳው ጎራ በሉ፦ በጀቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል? አቤቱታ የሚቀበል ሰው አለ? ትምህርቱ የሚታየው እዚያ ነው።