ዝንፍ ያለች ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ሾላ ገበያ ጥግ ወዳለችው የመስታወት ሣጥኔ መጣ። ከውጭ የተላከለትን ሮሌክስ ሰዓት ፈትቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ የቀኑ ቁጥር መስኮቱ መሐል አልተቀመጠም፤ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።» ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ አየሁት። እውነቱን ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ዘንፏል። መስታወቱ ላይ ያለችው አጉሊ ቁጥሩን ሁለት ተኩል እጥፍ ስለምታሳድገው ጥፋቱንም አብራ ታሳድገዋለች። እሷ ባትኖር ልጁ በሰላም ይተኛ ነበር።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። ወረንጦና ካቻቢቴ የያዝኩት በ1960ዎቹ ነው። ያኔ ወደ እኔ የሚመጣው ደንበኛ ሰዓቱን የሚሞላው በአገሩ አቆጣጠር ነበር፤ ፀሐይ በኮተቤ በኩል ብቅ ስትል 12፣ ከዚያ 1፣ 2 እያለ ይሄዳል። ለቆጣሪዎቹ ይህ ምንም አይደለም። ችግሩ ቀኗ ናት። የሰዓቱ መኪና ቀኗን የሚገለብጠው ቆጣሪዎቹ ሁለት ጊዜ ዞረው 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት፣ ለእኛ ግን ወይ ንጋት ወይ ምሽት። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ለካህናት ዕለቱ ከዋዜማው ስለሚገባ ማታ እንድትገለበጥ አደርግላቸዋለሁ፤ ለነጋዴ ጠዋት። መሙያውን ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፣ ቀጭ ስትል እቆማለሁ፣ ቆጣሪዎቹን ነቅዬ 12 ላይ መልሼ እተክላለሁ። እጅ ትንሽ ከሳተ ቀኗ ሩብ ሰዓት ቀድማ ትዘላለች፤ ደንበኛውም በማግስቱ ይመጣል።

ይሄም ቀላሉ ነው። የቀኑ ጎማ 31 ጥርስ አለው፤ የእኛ ወር 30 ቀን። በየወሩ አንድ ቀን መግፋት ግድ ነው። ጳጉሜን 5 ላይ ሲያበቃ ደግሞ መስከረም 1 ጠዋት መስኮቱ 6 ይላል፤ 1 እስኪል 26 ቀን መገፋት አለበት። በአሮጌዎቹ ሰዓቶች ቀን ለብቻዋ አትገፋም፤ ቆጣሪዎቹን ማሽከርከር ነው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ጣቴ ያብጥ ነበር።

ይህ ጣጣ ቤተ መንግሥትም የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተበረከተላቸው የሚባለው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ዕለትና ወሩን በመስኮት፣ ጨረቃዋንም ከታች ያሳያል። የካቲት 28 ይሁን 29 ራሱ የሚያውቅ «ዘላለማዊ» መቁጠሪያ ነው፤ የፈረንጁን የካቲት ማለቴ ነው። ጳጉሜን የት ያውቃታል! 12 ወር ብቻ የሚቆጥር ሰዓት 13 ወር ላላት አገር ንጉሥ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ወጣ፤ በ2017 ግን 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ሮሌክስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1956 ዕለቱን በሙሉ ስሙ የሚጽፍ ሰዓት ሠራ፤ ዕለቱ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። «ሰኞ» በፊደላችን ሲነበብ ደስ ይላል፤ በሌላው መስኮት ያለችው ቀን ግን ያው 31 ድረስ ትቆጥራለች።

ጣጣው የቀን ብቻ አልነበረም፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል የሚወርዱ አንድ አባት ነበሩ። ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ አመጡልኝ። «ልጄ፣ ይቀድማል» ይሉኛል። በጾም ቀን ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ያደጉ ሰው ናቸውና፣ ጥላቸው ስታጥር ሰዓቱ 6 ማለት ነበረበት። ሰዓቱ ግን አልፎ ሄዷል። ፈትቼ ብፈትሽ ሞላውም ጥርሱም ደኅና። ቆይቶ ነው የገባኝ። የአገሪቱ ሰዓት የሚለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መሥመር ነው፤ አዲስ አበባ ግን 38.75 ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በአማካይ 25 ደቂቃ ትዘገይብናለች። በጥቅምት መጨረሻ ጥላ የምታጥረው 6 ሰዓት ከ9 ላይ ነው፤ በየካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ39። ዐቢይ ጾም በየካቲት ሲገባ እንግዲህ አባ ከእኔ ጋር ይጣላሉ። ስነግራቸው «ታዲያ ፀሐይዋን ነው የምትጠግናት?» አሉኝና ሰዓቱን ይዘው ወጡ።

ለጎረምሳው ክዳኑን ከፍቼ ጎማውን ላስተካክል አልኩት። «አይ ጋሼ፣ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል» ብሎ መልሶ አሰረው። ሲሄድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅሁት። ቆጣሪዋ 2 ላይ ነበረች። ዓይኑን እንኳ ሳያሽ «ስምንት» አለኝ።